«አይቼዋለሁ» የምንላቸው ያላየናቸው ፊልሞች

ክሱ ተነቦልኝ «ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?» ተብዬ ብጠየቅ የእምነት ክህደት ቃሌ አጭር ነው። ፈጽሜያለሁ፤ ጥፋተኛም ነኝ። ለሃያ ዓመታት ያህል ያላየሁትን ፊልም እንዳየሁ ሆኜ ሳወራ ኖሬያለሁ። ወሬ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ፤ ሌሎችን አስተምሬበታለሁ።

ፊልሙ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» (አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች) ይባላል። ሕግ የተማረ ሰው ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። እኔም በተማሪነቴ ሰማሁት፤ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ከባልደረቦቼ ደጋግሜ ሰማሁት፤ ቀስ በቀስም ነጋሪው እኔው ራሴ ሆንኩ። ለጀማሪ ጠበቆች ንግግር እንዳደርግ በተጋበዝኩ ቁጥር «አንድ ሰው አሥራ አንዱን ተቋቁሞ የአንድን ልጅ ንጽሕና ያረጋገጠበት ፊልም» እያልኩ እጠቅሰዋለሁ። አዳማጩ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል፤ እኔም ደስ ብሎኝ እቀጥላለሁ።

ባለፈው ዓመት ግን አንዲት ወጣት ጠበቃ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የልጁ ንጽሕና የተረጋገጠው ፊልሙ ላይ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። በትሕትና ነው የጠየቀችው። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሻይ ሰዓት እንነጋገርበታለን» ብዬ አለፍኩት። በሻይ ሰዓት ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወጣሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረውን ዲቪዲ አወረድኩ። ፊልሙ 96 ደቂቃ ነው። ሃያ ዓመት የሸሸሁት 96 ደቂቃ!

ልጅቱ ልክ ነበረች። ለምን ልክ እንደነበረች ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በዚህ ጥፋት ተባባሪ የለኝም ወይ? አንባቢዬ ሆይ፣ እርስዎስ «ካዛብላንካ»ን አይተዋል? «ሲትዝን ኬን»ን? «የብስክሌት ሌቦች»ን? ስማቸውን ያውቃሉ፤ ወሬያቸውን ያውቃሉ፤ ምናልባትም አንድ ሁለት ፎቶግራፍ በዓይነ ሕሊናዎ ይመጣል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብለው አይተዋቸዋል ወይ ነው ጥያቄው።

ታላላቅ የሚባሉትን ፊልሞች ሳናይ የምንቀርበት ምክንያት ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። እኔ ሦስት ምክንያት አገኘሁበት።

አንደኛው የምናውቃቸው ስለሚመስለን ነው። ዝና ሥራውን ቀድሞ ይሠራል። ታሪኩን ሰምተናል፤ መጨረሻውን ነግረውናል፤ ታዲያ ምን ቀረን? በእኛ ሙያ ይህ የስሚ ስሚ ማስረጃ ይባላል። ምስክሩ ያየውን ሳይሆን ሌላ ሰው አየሁ ያለውን ሲናገር ማለት ነው። ጠንቃቃ ዳኛ እንዲህ ያለውን ቃል በጥርጣሬ ነው የሚመዝነው፤ አፍ ለአፍ ሲተላለፍ ቅርጹን ይለውጣልና።

ለዚህ ጥሩ ማሳያው እ.ኤ.አ. በ1942 የተሠራው «ካዛብላንካ» ነው። ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ ዋናው ገጸ ባሕርይ ፒያኖ ተጫዋቹን ሳምን «ደግመህ ተጫወተው» ይለዋል ብሎ ይነግርዎታል። በዓለም ሁሉ የሚጠቀሰው ያ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ሆኖ ፊልሙ ውስጥ የለም። ተቀራራቢ አነጋገር አለ፤ የሚጠቀሰው ግን የለም። ከዚህም የሚብሰው ደግሞ ፊልሙ የፍቅር ታሪክ ብቻ ተደርጎ መወራቱ ነው። ፍቅሩ አለ። ነገር ግን ከሂትለር ጦር ሸሽተው ሞሮኮ የደረሱ፣ የመውጫ ወረቀት አጥተው ካፌ ለካፌ የሚንከራተቱ፣ ለአንዲት ፊርማ ጌጣቸውን የሚሸጡ ስደተኞች ፊልምም ነው። ከተዋንያኑም መካከል ራሳቸው ከአውሮፓ የተሰደዱ ብዙ ነበሩ። ልጁን ለቪዛ ኤምባሲ በር ላይ ያሰለፈ የአዲስ አበባ ወላጅ፣ ወይም በሦስተኛ አገር ተቀምጦ መልስ የሚጠብቅ ወገናችን ይህን ፊልም ቢያይ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። በወሬ የደረሰን ግን ይህኛው ክፍል አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። «የዓለማችን ታላቅ ፊልም» የተባለ ነገር እንደ ፈተና ወረቀት ያስፈራል። ባልወደውስ? ቢሰለቸኝስ? አላዋቂ ልባል ነው? እ.ኤ.አ. በ1941 ኦርሰን ዌልስ ገና በ20ዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ ሳለ የሠራው «ሲትዝን ኬን» የዚህ ፍርሃት ዋና ሰለባ ነው። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በየአሥር ዓመቱ የፊልም ሐያስያንን ድምፅ ያሰባስባል። «ሲትዝን ኬን» ከ1962 እስከ 2002 በተደረጉት አምስት ምርጫዎች አንደኛ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ፊልሙን ሊያይ ሲቀመጥ መዝናናቱን ትቶ ክራቫት አስሮ የሚቀመጥ ይመስለዋል።

የዚያን ምርጫ ሙሉ ታሪክ ያየ ግን ፍርሃቱ ይቀልለታል። በ1952 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ አንደኛ የወጣው የጣሊያኑ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ» «ሲትዝን ኬን»ን ከዙፋኑ አወረደው። በ2022 ደግሞ ቤልጅየማዊቷ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው፣ የአንዲት የቤት እመቤትን ሦስት ቀናት ከሦስት ሰዓት በላይ የሚያሳየው «ዣን ዲልማን» አንደኛ ሆነ። እንግዲህ ታላቅነት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ በየአሥር ዓመቱ ይግባኝ ይባልበታል። እርስዎም አይተው «እኔን አልነካኝም» የማለት መብት አለዎት። ሳያዩ ማድነቅም ሆነ ሳያዩ ማጣጣል ግን ማስረጃ ሳይሰሙ መፍረድ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ያልጠበቅኩት ነው፤ ብዛት። በወጣትነታችን የቪዲዮ ካሴት ተከራይተን ስንመጣ ነገ እስከዚህ ሰዓት ይመለስ ተብሎ ነበር። ኪራዩ እንዳይባክን ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠን መጥፎውንም ፊልም ጭምር እንጨርሰው ነበር። ዛሬ ፊልሙ በፍላሽ፣ በስልክ፣ በኢንተርኔት እጃችን ላይ አለ። የትም አይሄድም። የትም ስለማይሄድም ነገ እናየዋለን። ሕግ ይርጋን የደነገገው አለምክንያት አይደለም፤ የጊዜ ገደብ የሌለው መብት ባለቤቱ ይተኛበታል። የእኔው ዲቪዲ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ ልመለስ።

«ትዌልቭ አንግሪ ሜን» እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ የሲድኒ ሉሜት የመጀመሪያ የሲኒማ ፊልም ነው። ደራሲው ሬጂናልድ ሮዝ መጀመሪያ የጻፈው በ1954 ለቴሌቪዥን ነበር። አባቱን በጩቤ ወግቶ ገድሏል ተብሎ የተከሰሰ የ18 ዓመት ልጅ ጉዳይ ለአሥራ ሁለት የጁሪ አባላት ይቀርባል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መሆን አለበት፤ ጥፋተኛ ከተባለ ቅጣቱ ሞት ነው። በመጀመሪያው ድምፅ አሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» አሉ። አንዱ ብቻ፣ ሄንሪ ፎንዳ የተጫወተው፣ «አይደለም» አለ።

እኔ ለሃያ ዓመት የነገርኩት ይህ ሰው ልጁ ንጹሕ መሆኑን ያውቅ ነበር እያልኩ ነው። አያውቅም! ራሱ አላውቅም ይላል። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ልንገድል ነውና ቢያንስ ቁጭ ብለን እንነጋገር። ከዚያ ማስረጃው አንድ በአንድ ይፈተሻል። ልዩ ነው የተባለው ጩቤ አምሳያው ከሠፈሩ ሱቅ ተገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ይሰካል። እግሩን የሚያነክሰው ሽማግሌ ምስክር ባለው ፍጥነት በሩ ጋ መድረስ መቻሉ ያጠራጥራል። ከመንገዱ ማዶ ሆና አየሁ ያለችው ሴት አፍንጫ ላይ የመነጽር ምልክት እንደነበር ያስታውሳሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ገዳዩ ማን እንደሆነ አይነገረንም። ልጁ ገድሎም ሊሆን ይችላል። የተረጋገጠው ንጽሕናው አይደለም፤ ዐቃቤ ሕጉ ጥርጣሬን ማስወገድ አለመቻሉ ነው።

ስህተቴ የት ላይ እንደሆነ አያችሁ? ትንሽ የቃል መንሸራተት አይደለም። ለጀማሪ ጠበቆች ስነግር የኖርኩት ተከሳሽ ነፃ የሚወጣው ንጽሕናው ሲረጋገጥ እንደሆነ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፤ የማስረዳት ሸክሙ የከሳሹ ነው። እኛ ጁሪ የለንም፤ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስኑት ዳኞች ናቸው። መርሁ ግን አንድ ነው። ያላየሁትን ፊልም ጠቅሼ የማውቀውን ሕግ ገልብጬ አስተማርኩ።

ማየት ደግሞ ማንም ያልነገረኝን ሰጠኝ። ፊልሙ ከጥቂት ደቂቃዎች በስተቀር ከአንዲት ጠባብ ክፍል አይወጣም። ሙቀቱ ያስጨንቃል። ዳይሬክተሩ ሉሜት በኋላ እንደገለጸው መጀመሪያ ላይ ካሜራውን ከሰዎቹ ዓይን ከፍ አድርጎ አስቀመጠ፤ መካከል ላይ ከዓይናቸው እኩል አደረገው፤ መጨረሻ ላይ ዝቅ አድርጎ ጣሪያው እንዲታይ አደረገ። ሌንሶቹንም እየለዋወጠ ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የሚቀርብ አስመሰለው። ተመልካች ይህን አያውቅም፤ ክፍሉ እየጠበበ ሲሄድ ደረቱ ላይ ይሰማዋል። ይህ በወሬ አይተላለፍም።

አይተን ስንጨርስ ደግሞ መተቸትም እንችላለን። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር በ2010 ኒውዮርክ ውስጥ ፊልሙ ከታየ በኋላ ሲናገሩ ወደ ሕግ ሙያ እንደሳባቸው ገልጸው፣ በሥር ፍርድ ቤት ሳሉ ግን የጁሪ አባላትን የፊልሙን ፈለግ እንዳይከተሉ ያሳስቡ እንደነበር ተናግረዋል። እውነታቸውን ነው። የጁሪ አባል በራሱ ሠፈር ለሠፈር ዞሮ ጩቤ ገዝቶ ማምጣት አይፈቀድለትም። አድናቆትና ትችት አብረው የሚቆሙት ላየ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛ ክስም አለብኝ። የውጭውን ያላየን የራሳችንንስ አይተናል? ኃይሌ ገሪማ የንጉሡ ሥርዓት በሚንገዳገድበት በ1974 እዚሁ አገር ቤት የቀረጸው፣ በ1976 ለዓለም ያቀረበው «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» በዓለም የፊልም መድረኮች ስሙ የሚነሳ የአማርኛ ፊልም ነው። ስሙን የምናውቅ ብዙ ነን። ከዳር እስከ ዳር ያየነውስ? እኔ ያየሁት ባለፈው ዓመት ነው። «ስለ ባላባትና ጭሰኛ የተሠራ የፖለቲካ ፊልም» እየተባለ ሰምቼ ስለነበር መፈክር ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ሌላ ነው። ንጋት፣ እርሻ፣ ዝምታ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚያዝዝ ባላባት፣ መሬቱን ተነጥቆ ሰው እብድ የሚለው ከበበ። ሁለት ሰዓት ተኩል በዝግታ ይሄዳል። ዝግታው ራሱ ነገሩ ነው፤ የገበሬው ቀን እንደዚያ ነዋ የሚረዝመው። ይኸው ዳይሬክተር በ2008 በቬኒስ ሁለት ሽልማት ያገኘበት «ጤዛ»ስ? ስለ ሽልማቱ ያወራነውን ያህል አይተነዋል?

ታዲያ ምን ይሻላል? የመቶ ፊልም ዝርዝር አላወጣም፤ ዝርዝር ሌላ ዕዳ ነው። አንድ ፊልም ይምረጡ። ቀን ይቁረጡለት፤ ለራስዎ ቀጠሮ ይስጡ። ስልክዎን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ። በረጅሙ አይጀምሩ። «የብስክሌት ሌቦች» አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሥራ ያገኘ አባት በመጀመሪያው ቀን ብስክሌቱን ይሰረቃል፤ ትንሽ ልጁን ይዞ ሮምን ያስሳል። ዋናው ተዋናይ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እንጀራው በአንድ ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ምን እንደሚሰማው ለማወቅ የፊልም ትምህርት አያስፈልግም።

ካላዩም ደግሞ «አላየሁትም» ማለት ነውር አይደለም። ነውሩን እኔ ቀምሼዋለሁና ልንገራችሁ፤ ቀላሉ እውነቱን መናገር ነው። ለዚያች ወጣት ጠበቃ ደውዬ «ያን ቀን ፊልሙን አላየሁትም ነበር፤ ልክ ነሽ» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና ሳቀች። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? እኔም ያየሁት ከእርስዎ ንግግር በፊት በነበረው ሌሊት ነው። እንደሚጠቅሱት ሰምቼ ነበር።»

በሚቀጥለው ንግግሬ ያንን ዓረፍተ ነገር አርሜ እጀምራለሁ። ቸር እንሰንብት።