አንድ ፍሬ ለውዝ፣ አራት ዓይነት ንባብ

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚወርድ ሰው ባቢሌ ሲደርስ መኪናው ገና በደንብ ሳይቆም ለውዝ የሞላ ፌስታል በመስኮት ይዘረጋለታል። እኔም ዛሬ የገረመኝን ነገር በዚሁ ለውዝ ላስረዳችሁ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጅ አንብቦ መረዳትን፣ ተረትን፣ ግጥምንና ተውኔትን ለይቶ ማወቅን እንዴት ይማራል? መምህሩ ትርጓሜውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ገልብጡ» ቢል፣ ልጁ ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ከፈተናው ማግሥት ግን የለም። አንድ እፍኝ ለውዝ ይዞ ክፍል ቢገባስ?

ከዚያ በፊት ግን ልጁን እንወቀው። የባቢሌ ልጅ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ሲደባለቁ እየሰማ ያድጋል። አማርኛው በፊደላችን ይጻፋል። ለሶማልኛ የላቲን ፊደልን ሶማሊያ በ1965 ዓ.ም. ይፋ አደረገች፤ ቁቤ የሚባለው የኦሮምኛው የላቲን ፊደል ደግሞ በ1984 ዓ.ም. ጸደቀ። «ሁለቱም ላቲን ከሆኑማ አንዱን የቻለ ሌላውንም ቻለ» እንዳትሉ! ኤክስ የምትባለዋን ፊደል ውሰዱ። በኦሮምኛ «ጠ» ናት፤ አውሮፕላንን «ጢያራ» ብሎ የሚጽፍ ሰው በእሷ ይጀምራል። በሶማልኛ «ሐ» ናት፤ ሐርን «ሐሪር» ብሎ የሚጽፍም በእሷው ይጀምራል። በእንግሊዝኛ ደግሞ «ክስ» ትሆናለች። ስለዚህ ይህ ልጅ አፉን ከመክፈቱ በፊት «በየትኛው ቋንቋ ነው የተጻፈው?» ብሎ መጠየቅ ለምዷል።

የሥነ ጽሑፍ ዘርፍም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ፊደሏ በየቋንቋው ድምፅ እንደምትለውጥ፣ ዓረፍተ ነገርም በየዘርፉ ፍቺ ይለውጣል። «ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው?» ብሎ ያልጠየቀ አንባቢ፣ ኤክስን በተሳሳተ ቋንቋ እንዳነበበ ልጅ ነው። ለዚህም ነው አያቶቻችን በር ላይ ምልክት ያቆሙት። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንላለን። ሶማሌው «ሼኮ ሼኮ» ሲል አድማጮቹ «ሼኮ ሐሪር» ይላሉ፤ «ተረት ተረት፣ የሐር ተረት» እንደ ማለት ነው። ያን የሰማ ጆሮ ምን እንደሚጠበቅበት ወዲያው ያውቃል።

አሁን ወደ ለውዛችን። የመጀመሪያው ንባብ እንቆቅልሽ ነው። እንቆቅልህ! በርም መስኮትም በሌላት ጎጆ ሁለት ወንድማማቾች ተኝተዋል። መልሱን አወቃችሁ አይደል? ግን ምን እንዳደረጋችሁ ልብ በሉ። «ጎጆ» የሚለውን ቃል እንዳለ አልወሰዳችሁትም፤ ፍንጩን ከምታውቁት ነገር ጋር አጋጠማችሁት። የአማርኛ መምህራን በምንባብ ውስጥ በቀጥታ ያልተነገረውን አውጡ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሂቦ የሚባለውን የኦሮምኛ እንቆቅልሽ ሲጠያየቅ ያደገ የኦሮሞ ልጅ ይህን ችሎታ ከቤቱ ይዞት ይመጣል። የመምህሩ ሥራ «ማታ ማታ የምታደርገውን ወረቀቱ ላይ አድርገው» ማለት ነው።

ሁለተኛው አስረጂ ጽሑፍ ነው። ለውዝ የሚያብበው ከመሬት በላይ ነው። አበባው ከጸነሰ በኋላ ቀጭን ዘንግ ይወጣና ወደ ታች አጎንብሶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ፍሬው የሚያድገው እዚያው አፈር ውስጥ ነው። እዚህ ጋ «አፈር» አፈር ነው፤ ሌላ ነገር አይፈለግበትም። አንባቢው መያዝ ያለበት ቅደም ተከተሉን ነው፦ መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን። ደግሞ መጽሐፉ «ለውዝ» ላይል ይችላል፤ «ኦቾሎኒ» ይል ይሆናል። መዝገበ ቃላት የሌለው ልጅ «ከመሬት በታች የሚያፈራ» የሚለውን አይቶ ቃሉን ከዐውዱ ይፈታዋል።

ሦስተኛው ግጥም ነው፤ እኔ በጣም የምወደው እዚህ ላይ ነው። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው ስንኙ ሲያልቅ ስለሆነ ጆሯችን መጨረሻውን ይጠብቃል። «ገበይ» የሚባለው የሶማሌ ግጥም ግን የቃላትን መነሻ ድምፅ ይዞ ይሄዳል። ገጣሚው በ«ገ» ከጀመረ፣ እስከ ፍጻሜው በየስንኙ በ«ገ» የሚነሣ ቃል ማምጣት አለበት። ክፍሉን ለሁለት ከፍሉትና ስለ ለውዝ ግማሹ ቤት መትቶ፣ ግማሹ በ«ለ» ብቻ እየተነሣ ይግጠም። ከዚያ በኋላ የግጥምን ትርጓሜ ማስገልበጥ አያስፈልግም።

አራተኛው ተውኔት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ጸሐፊ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከልጅነታቸው የተወሰነውን ሐረር ከራስ መኮንን ጋር ያሳለፉ፣ በኋላም ጅግጅጋን ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ። ተውኔቱን የሠሩት በአውሬዎች ተረት ላይ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት አውሬ ከአውሬ ጋር ይነጋገራል፤ ተመልካቹ ግን እነማን እንደተነኩ አላጣውም፤ ተውኔቱም ታገደ። ልጆቹን «አውሬ እንዲህ ሲናገር ማንን ያስቆጣል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የሰምና ወርቅን ትምህርት በዚያው ጀመራችሁት ማለት ነው።

በመጨረሻ መምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፦ «አበባዋ ላይ ናት፣ ልጆቿ ታች።» ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝም ይበል። አንዱ «እንቆቅልሽ ነው፣ መልሱ ለውዝ» ይላል። ሌላው «የሳይንስ ነው» ይላል። ሦስተኛዋ ተነሥታ «አይደለም፤ ልጆቿን ቆላ ትታ ደጋ የወጣች እናት ናት፣ ተውኔት ነው» ትላለች። መምህሩ ቶሎ እንዳይፈርድ። ደወሉ እስኪደወል ይከራከሩ፤ የዕለቱ ትምህርት ክርክሩ ነው። ለውዙንም ያኔ ያከፋፍላቸው።