አራተኛ ክፍል አንዴ ነው፤ ልጆችን ይዞ ወደ ፓድሬ ደሴት

ቤታችሁ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለ? እንግዲያው ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። «ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ» የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም ለአራተኛ ክፍል ተማሪ የብሔራዊ ፓርኮች ነፃ መግቢያ ይሰጣል። ልጁ ኢንተርኔት ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ይመልሳል፣ እናንተ ወረቀቱን ፕሪንት ታደርጋላችሁ፤ በአንድ መኪና የመጣው ቤተሰብ አብሮ ይገባል። የሚያገለግለው ግን እስከ ኦገስት 31 ብቻ ነው። እኛ ደግሞ «ሥራው ቀለል ሲል» እያልን ነው ልጆቹ የሚያድጉብን።

የት ይኬዳል ካላችሁ፣ ባሕር ላሳያችሁ። ፓድሬ አይላንድ ናሽናል ሲሾር ከኮርፐስ ክሪስቲ አለፍ ብሎ ይገኛል። ከሪቻርድሰን በ35 ወደ ሳን አንቶኒዮ፣ ከዚያ በ37 ወደ ታች ነው። በቤት መኪና ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በአርቪ ከሆነ ስምንት ያዙ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1962 በፈረሙት ሕግ የተጠበቀ ቦታ ስለሆነ ሆቴልም ሱቅም ዳርቻውን አልወረረውም። በአንድ በኩል ባሕረ ሰላጤው፣ በሌላው በኩል ከባሕር ይበልጥ ጨዋማ የሆነው ላጉና ማድሬ አለ።

ተመልሰው የመጡት ኤሊዎች

ልጆች የሚወዱት ግን ኤሊዎቹን ነው። ኬምፕስ ሪድሊ የምትባለው የባሕር ኤሊ ልትጠፋ ተቃርባ ነበር። ከ1978 እስከ 1988 እንቁላል ከሜክሲኮ እየመጣ በፓድሬ አሸዋ ውስጥ ይፈለፈል ነበር። ጫጩቶቹም ሲያድጉ እዚህ እንዲመለሱ ታስቦ በዚሁ አሸዋ ላይ ወደ ባሕር እንዲሄዱ ተደረገ። በ1996 ከእነሱ መካከል ተመልሰው እንቁላል የጣሉ ተገኙ። ይሄን ታሪክ መንገድ ላይ ንገሯቸው፤ አገር የቀየረ ቤተሰብ ልጆች ቶሎ ይገባቸዋል።

በጁንና በጁላይ አንዳንድ ማለዳ ጫጩቶቹ ሲለቀቁ ሕዝብ በነፃ ያያል። እንቁላሉ በራሱ ጊዜ ስለሚፈለፈል ቀኑ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ስለዚህ ለዚሁ ወደተዘጋጀው የፓርኩ ስልክ ደውሉ። እዚያው ያደረ ሰው ነው የሚቀናው።

አዳሩና ምግቡ

ማላኪት የሚባለው የካምፕ ቦታ ከባሕሩ ፊት ለፊት ነው፤ ቀድሞ ለመጣ ነው የሚሰጠው። ምግብ ቤት ያለን ሰዎች ቅዳሜና እሑድ አይሆንልንም፤ ሰኞና ማክሰኞ ግን ይሻላል፣ ቦታም አይጠፋም። የካምፑ ክፍያ ከነፃ መግቢያው ውጭ ነው። ሽንት ቤትና ቀዝቃዛ ሻወር አለ፤ ለአርቪው የመብራት መስመር የለም። ኤሲ የሚሠራው በጄኔሬተር ስለሆነ ስትከራዩ የጄኔሬተርና የማይል ክፍያውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አርቪው ከተወደደባችሁ ድንኳን ይበቃል። ላንጋኖ ዳር ድንኳን ተክሎ ያደረ ያውቀዋል።

ስለ ምግብ እንኳ እኔን ስሙኝ። ወጡን ሠርታችሁ በረዶ አድርጉት፤ ኩለሩን ራሱ ያቀዘቅዝላችኋል። ክትፎ በዚያ ሙቀት አይሞከርም። ለሁለተኛው ቀን ሽሮ ያዙ። እንጀራውን በየቀኑ ለይታችሁ ጠቅልሉ፣ አለዚያ አሸዋ ይገባበታል። ለጀበናው ደግሞ ነፋስ መከለያ አትርሱ።

ባሕሩ ሐይቅ አይደለም

ይሄን ክፍል ለልጆቹ አንብቡላቸው። ብዙዎቻችን ባሕር ዳር አላደግንም፤ ዋና የማንችልም ብዙ ነን። እዚያ ደግሞ ላይፍ ጋርድ የለም። ከዳር ወደ ጥልቁ የሚስብ ኃይለኛ ውኃ አለ፤ የያዘው ሰው ወደ ዳር በቀጥታ ልታገል ካለ ይደክማል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከወጣ በኋላ ነው ወደ ዳር መመለስ ያለበት። ልጆች ላይፍ ጃኬት ይልበሱ፣ አንድ ትልቅ ሰው ስልኩን አስቀምጦ ይጠብቃቸው። አሸዋው ላይ ሰማያዊ ፊኛ የመሰለ ነገር ካዩ አይንኩት፤ የሞተም ቢመስል ይናደፋል። ኤሊ ወይም እንቁላል ካገኙም ርቀው ቆመው ለፓርኩ ሠራተኛ ይንገሩ።

ከመመለሳችሁ በፊት የጁኒየር ሬንጀር ደብተሩን አስሞሏቸው፤ ሲጨርሱ ባጅ ይሰጣቸዋል። ያ ባጅ ልጃችሁ ይሄ ፓርክ የኔም ነው የሚልበት ነው። እንግዲህ አምስተኛ ክፍል ሳይገባ ቀኑን ቁረጡ። መልካም ጉዞ!