ብርዳም ወረዳ ራሱን ይችላልን?

እንደሚታወቀው እኛ እጩ መምህራን ሥልጠናችንን ስንጨርስ የሚደርሰን ቦታ ሁሉ ወይና ደጋ አይሆንም። ከመካከላችን ጥቂቶቻችን እንደ መንዝ ባለ ብርዳም አገር መመደባችን አይቀርም። ታዲያ «ብርዱ አያስቀምጥም» ብለን ከመፍራታችን፣ ወይም «ገብስና በግ ሞልቶታል» ብለን ከመዝናናታችን በፊት፣ አገሩ በክፉ ቀን ራሱን ችሎ መቆም መቻሉን እንዴት እንመዝናለን? መንዝን ምሳሌ አድርገን አራት ጥያቄዎች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ሰብሉ መቼ ይደርሳል? 1000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከ3200 ሜትር በላይ ያለው ምድር «ውርጭ» ይባላል፤ የጓሳ አምባም ከዚሁ ይመደባል። እዚያ ጤፍ አይሆንም፤ ዋናው እህል ገብስ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚይዝላት ደመና አይኖርም። እንዲህ ባለ ሌሊት ያልደረሰ አዝመራ ባንድ አዳር ይመታል።

ሁለተኛ፣ ምን ይነዳል? በ3200 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 89 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ባቄላና አተር ቶሎ አይበስሉም፤ ማገዶ ይፈጃሉ። ዛፍ ባነሰበት አገር ማገዶው ኩበት ነው። ኩበት ግን ማሳ ላይ ቢወድቅ ፍግ ይሆን ነበር። እንግዲህ ኩበቱ ሲነድ የመጪው ዓመት ገብስም አብሮ ይነዳል ማለት ነው። በብርድ አገር የምድጃውና የጎተራው ሒሳብ አንድ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነገር አለ ወይ? የመንዝ ሕዝብ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግቶ ይጠብቅ ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል፤ በድርቅ ጊዜም ለከብት መጠባበቂያ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ እንደገና አቋቁሟል።

አራተኛ፣ መንገዱ ቢዘጋስ? የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሰሜን ሸዋንም ነክቷል። በጎተራ ስንት ወር የሚያደርስ እህል አለ? ጨው፣ ክብሪት፣ መድኃኒትስ? ምንጩ በበጋ ይደርቃል ወይ? ጤና ጣቢያው በእግር የስንት ሰዓት መንገድ ነው?

የመምህሩስ ድርሻ ምንድን ነው? ባቄላውን ማታ ዘፍዝፎ ማደር፣ ድስቱንም መክደን ማገዶ ይቆጥባል፤ ይህን ለተማሪ ማስተማር ቀላል ነው። ዝናብ የመታው ልጅ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ እርጥብ ልብሱ ይውለቅለትና ደረቅ ነገር ይልበስ፤ ትምህርቱ ይደርሳል። ከሁሉም በላይ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት ክልክል ነው! ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ ቤተሰብ ይፈጃል።

ስለዚህ ምደባችን ሲወጣ «አገሩ ስንት ኩንታል ያመርታል?» ብለን ብቻ አንለፍ። «ምን ያነዳል?» ብለንም እንጠይቅ። መልሱ ኩበት ብቻ ከሆነ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ የችግኝ መደብ ማዘጋጀት የመጀመሪያው ወር ሥራችን ይሁን።