የሰርቩ ጉልበት ከጉልበት ይነሳል

በቡሄ ሰሞን ጅራፍ የሚያጮህ ልጅ እግሩን ከፈት አድርጎ ይቆማል። ጅራፉን በአናቱ ላይ ሲያዞር ወገቡም አብሮ ይዞራል። ከዚያ ድንገት እጁን ሲመልስ፣ ከወፍራሙ ጉንጉን የተነሳው ኃይል እየቀጠነ በሚሄደው ገመድ አልፎ ጫፉ ላይ ይደርሳል። እንደ ጥይት የሚሰማው ድምፅ የሚፈጠረው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ በላይ ሲከንፍ ነው። ልጁ ክንዱን ብቻ ቢወረውር ጅራፉ አይጮህም።

የቴኒስ ሰርቭም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። የአካልን እንቅስቃሴ በፊዚክስ ሕግ የሚመረምረው ባዮሜካኒክስ ሰርቭን እንደ ሰንሰለት ያየዋል። ተጫዋቹ መሬቱን በእግሩ ሲገፋ መሬቱም መልሶ ይገፋዋል። ያ ግፊት ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ዳሌና ወገብ፣ ከዚያም በትከሻ፣ በክርንና በእጅ አንጓ አልፎ ራኬቱ ላይ ያርፋል። ራኬቱ ላይ ከሚደርሰው ኃይል ግማሽ ያህሉ የሚመነጨው ከእግርና ከወገብ ነው። አማርኛ ለእግር መገጣጠሚያውም ለኃይልም “ጉልበት” የሚል አንድ ስም መስጠቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ለጀማሪ ሰርቭን ላስረዳ ብል ከዚህች ቃል የተሻለ መነሻ አላገኝም።

ጉልበቱ ሳይታጠፍ ቢቀርስ? ተጫዋቹ ኳሷን ማፍጠኑን አይተውም። እግሩ ያላዋጣውን ትከሻው እንዲከፍል ይገደዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ተመራማሪዎች የታላላቅ ተጫዋቾችን ሰርቭ በፈጣን ካሜራዎች ቀርጸው መርምረው ነበር። የፊት ጉልበታቸውን ብዙም የማያጥፉት ተጫዋቾች ኳስ ደህና ከሚያጥፉት ጋር ተቀራራቢ ፍጥነት ነበራት። ትከሻቸው ላይ ያረፈው ጫና ግን ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይባላል፤ እዚህ ግን ያጠፋው ጉልበት ሆኖ የሚጮኸው ትከሻ ነው። ትከሻዬን አመመኝ ብሎ የመጣን ተጫዋች ትከሻውን ብቻ አሽቶ የሚመልስ ሰው መንስኤውን ሳይነካው ያልፋል።

ትከሻ ደግሞ ያለዚያም ሥራው ከባድ ነው። በከፍተኛ ደረጃ በሚጫወቱ ወንዶች ሰርቭ ላይ የላይኛው ክንድ ወደ ውስጥ የሚዞርበት ፍጥነት በሰከንድ ከ2,000 ዲግሪ ያልፋል። ሳይቆም ቢቀጥል በአንድ ሰከንድ ከአምስት ዙር በላይ ማለት ነው። ኳሷ ከተመታች በኋላ ይህን ፍጥነት የሚገታ ፍሬን ያስፈልጋል። ፍሬኖቹ ከትከሻ ጀርባ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው፤ እየተለጠጡ ነው የሚይዙት፤ ስለዚህም ቶሎ ይጎዳሉ። ፑሽ አፕ እየደጋገሙ ደረታቸውን ብቻ የሚያፈረጥሙ ወጣቶችን ሳይ የምሰጋው ለዚህ ነው፤ ሞተሩን እያሳደጉ ፍሬኑን ረስተውታል። ላስቲክ አጥር ላይ አስሮ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ብዙ ወጪ የለውም፤ ፍሬኑን ግን ያጠነክራል። ከመቱ በኋላም ክንዱን ባለበት ከመግታት ይልቅ በሰውነት ፊት ተሻግሮ እስኪያልቅለት መልቀቅ ይገባል።

የክርን ሕመም ሌላ ታሪክ አለው። ከክርን በስተውጭ በኩል የሚሰማውን ሕመም እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከሣር ሜዳ ቴኒስ ጋር አያይዘው ስም ሰጡት፤ ዛሬም ቴኒስ ኤልቦ ይባላል፤ ምንም እንኳ ራኬት ነክተው የማያውቁ አናጢዎችና ቀለም ቀቢዎችም ቢታመሙበት። በቴኒስ ሜዳ ዋናው ተጠርጣሪ የባክሃንድ ምት ነው። ጀማሪው ኳሷን ሲያገኛት የእጅ አንጓው ወደ መዳፉ በኩል ታጥፏል፤ ልምድ ያለው ግን ወደ ኋላ ቀልበስ አድርጎ አጽንቶ ይመታል። አንጓው ሲታጠፍ የኳሷ ግፊት አንጓውን ቀጥ የሚያደርጉትን ጡንቻዎች በኃይል ይለጥጣቸዋል፤ የእነርሱ ጅማት ደግሞ የተተከለው ክርኑ ላይ ነው። በሁለት እጅ መምታት ጫናውን ያካፍላል።

የታዋቂው ቴኒስ ተጫዋች የኖቫክ ጆኮቪች ክርን ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዊምብልደን ላይ በቀኝ ክርኑ ሕመም ጨዋታ አቋረጠና የዓመቱን ቀሪ ውድድሮች ሁሉ ተወ። በጥር 2018 በአውስትራሊያን ኦፕን ሲመለስ ረጅሙን የክንድ ዙር አሳጥሮት፣ ሰርቩ ሌላ ሆኖ ነበር። ሕመሙ ግን ስላልለቀቀው ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና አደረገ። በዚያው ዓመት ዊምብልደንንና ዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ። የተጎዳው ሥጋ ሐኪም ያስፈልገው ነበር፤ የሚጎዳው እንቅስቃሴ ደግሞ አሰልጣኝ።

አዲስ አበባ ለሚጫወት ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን ብዙ አያዘገያትም። የቴኒስ ሕግም ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። በተራው ኳስ የሚጫወት ሰው ኳሷ ቀድማ ስለምትደርስበት ከሰውነቱ ፊት ሳይሆን ጎኑ ላይ ያገኛታል፤ ያን ጊዜ ወገቡ መርዳት አይችልም፤ አንጓና ክርን ብቻቸውን ይቀራሉ። መፍትሔው እጅን ማፍጠን ሳይሆን ኳሷ ከተጋጣሚው ራኬት እንደወጣች ትከሻን ማዞር ነው።

ሰርቭ ከጉልበት መነሳቱን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ብዙ ስልኮች በሰከንድ 240 ምስል ይቀርጻሉ። ኳስና ራኬት የሚነካኩት ለ5 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ንክኪው የሚታየው በአንድ ወይም በሁለት ምስል ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ማፍጠጥ ትርፉ ትንሽ ነው። ወደ ኋላ መልሶ ጉልበቱ መዘርጋት የጀመረበትን ምስል ማቆም ይሻላል። በዚያች ቅጽበት ራኬቱ ገና ከጀርባ ወደ ታች እየወረደ ከሆነ እግሩ ክንዱን እየጎተተው ነው። ራኬቱ ቀድሞ ሽቅብ ከተነሳ ግን ትከሻው ብቻውን ነው የሚሠራው።