ሳይታመሙ መለካት፤ በወጣቶች ላይ የሚደበቀው የደም ግፊት

ድሬዳዋ፤ በከተማይቱ ዙሪያ በቢዮ አዋሌና በዋሂል ማሽላ የሚያመርት ገበሬ አገዳ ቆርቁርን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቅጠሉ ለምልሞ ሳለ ትሉ አገዳውን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ ማሽላው እስኪጠወልግ አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይመረምራል። ከፍተኛ የደም ግፊትም በወጣቶች ላይ የሚሠራው እንደዚሁ ተደብቆ ነው።

በሽታው በተለምዶ ደም ብዛት ስለሚባል ብዙዎች የወፍራሞችና የሽማግሌዎች ብቻ ይመስላቸዋል። ይሁንና ችግሩ ደም መሙላቱ ሳይሆን፣ ደም በሥሮች ውስጥ ሲያልፍ በግድግዳቸው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከልክ ማለፉ ነው። በከፊራ ገበያ ጆንያ ተሸክሞ የሚውል የ25 ዓመት ወጣት ራሱን ሳያመው ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሊኖር ይችላል። ጉልበቱ ስላልከዳው ጤነኛ ነኝ ይላል። በዚያው ጊዜ ግን ልቡ፣ ኩላሊቱና የአንጎሉ ደም ሥሮች ይጎዳሉ። አንዳንዱ ሕመሙን የሚያውቀው ግማሽ አካሉ ከሰለለ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጉዳቱ ለቤተሰቡም ይተርፋል።

በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ 100 ሰዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ በድሬዳዋ ከተማ ከአራት አዋቂዎች አንዱ ያህል ችግሩ እንዳለበት አሳይቷል።

የተደበቀውን ማውጫው መንገድ መለካት ብቻ ነው። አለካኩም ሥርዓት አለው። ተለኪው አምስት ደቂቃ ያርፋል፤ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ክንዱን በልቡ ትክክል አድርጎ፣ ሳይነጋገር ይለካል። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ አይነካም። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ስለሚያደርግ ከበርጫ በፊት፣ በተለይም በጧት መለካቱ ይመረጣል።

ውጤቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። በሐኪም ፊት ደህና ሆኖ በሥራና በቤት ከፍ የሚል ግፊትም አለ፤ ይህ በወጣቶችም ላይ ይታያል። ስለዚህ ወላጆቹ ግፊት ያለባቸው ወይም ልኬቱ ለወሰኑ የቀረበ ወጣት፣ መሣሪያ ማግኘት ከቻለ ለተከታታይ ቀናት ጧትና ማታ በቤቱ ተለክቶ ቁጥሩን መዝግቦ ለሐኪም ቢያሳይ ይበጀዋል። በቤት ልኬት አማካዩ ከ135 በ85 ካላነሰ ከፍተኛ ይባላል።

በወጣትነት ግፊት ሲገኝ አንዳንዴ መነሻው የኩላሊት ሕመም ስለሚሆን ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ሻል አለኝ ብሎ ማቋረጥ፣ ወይም በነጭ ሽንኩርትና በሽፈራው መተካት የለበትም። ጨው መቀነስም ይረዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያነሰ እንዲሆን ይመክራል።

ለገበያ ከተማ የሚወጣ ወጣት ገበሬም ሆነ በከተማው የሚሠራ ጓደኛው፣ በዓመት አንድ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ ክንዱን ቢሰጥ የሚያጠፋው ጥቂት ደቂቃ ነው። ቁጥሩን ጠይቆ ይያዝ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚያወዳድረው ከእሱ ጋር ነው።