«ይበልጣል» ስንል በምን?
በእንግሊዝኛ ነገርን ከነገር ማወዳደር ለሚማሩ ልጆችና ለወላጆቻቸው

እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። በመሆኑም በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ያለ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳቡንም ሳይንሱንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው።

ታዲያ ብዙ ልጆች የሚሰናከሉበት አንድ ቦታ አለ። እርሱም ማወዳደር ነው። የብረት ምጣድና የአሉሚኒየም ድስት በእጁ አንሥቶ የሚያውቅ ልጅ፣ እኩል መጠን ካላቸው ብረትና አሉሚኒየም የቱ እንደሚከብድ አይጠፋውም። ነገር ግን ጥያቄው «ዊች ኢዝ ሄቪየር?» ብሎ ሲመጣበት «ሄቪየር» የሚለውን ካላወቀ፣ የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሆኖ ይወድቃል። ይህ ያሳዝናል። ደግነቱ ግን መፍትሔው ሩቅ አይደለም።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

በአማርኛ ስናወዳድር ቅጽሉን አንለውጠውም። «ከ» የሚለውን እንጨምርና ግሡ ሥራውን ይሠራል፦ «ራስ ዳሽን ከጉና ይረዝማል»፣ «ጤፍ ከገብስ ይወደዳል»። እንግሊዝኛ ግን ቅጽሉን ራሱን ይለውጠዋል። «ሃይ» ማለት ከፍ ያለ ነው፤ «ሃየር» ሲሆን ከሌላው ይልቅ ከፍ ያለ፤ «ሃየስት» ሲሆን ከሁሉ ከፍ ያለ ይሆናል። ስለዚህ «ራስ ዳሽን ኢዝ ሃየር ዛን ጉና» እንላለን። ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ከፍ ያለው እርሱ ስለሆነም «ራስ ዳሽን ኢዝ ዘ ሃየስት ማውንቴን ኢን ኢትዮጵያ» እንላለን።

መድረሳ የሚቀራ ልጅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። በዐረብኛ «ከቢር» ትልቅ ነው፣ «አክበር» ደግሞ ይበልጥ ትልቅ። «ከሪም» ቸር ነው፣ «አክረም» ይበልጥ ቸር። ልጆቻችንን የምንጠራባቸው እነዚህ ሁለት ስሞች የማወዳደር ትምህርት ይዘዋል። ዐረብኛም እንደ እንግሊዝኛ ቅጽሉን ራሱን ይለውጣል ማለት ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የአማርኛው «ከ» እና የዐረብኛው «ሚን» ከቦታ መነሣትንም ማወዳደርንም ያመለክታሉ። «ከእስቴ መጣሁ» እንላለን፤ «ከእስቴ ይርቃል»ም እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ለመነሻ «ፍሮም»፣ ለማወዳደሪያ «ዛን» ነው። «ሃየር ፍሮም ጉና» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን በአማርኛ አስቦ ነው።

ሦስት ደንቦች

1ኛ. አጫጭር ቃላት መጨረሻቸው ላይ «ኧር» ይጨምራሉ። ኮልድ፣ ኮልደር። ቶል፣ ቶለር። «ነፋስ መውጫ ኢዝ ኮልደር ዛን ዘ አባይ ቫሊ» ስንል ነፋስ መውጫ ከአባይ ቆላ ይልቅ ትበርዳለች ማለታችን ነው። «ቢግ» እና «ሆት» ሲጻፉ የመጨረሻ ፊደላቸው ይደገማል። «ሄቪ» ደግሞ የመጨረሻ ፊደሉ «ዋይ» ወደ «አይ» ይለወጣል።

2ኛ. ረዣዥም ቃላት አይለወጡም፤ ከፊታቸው «ሞር» ይገባል። «ኤክስፔንሲቭ» (ውድ) የሚለው «ሞር ኤክስፔንሲቭ» ይሆናል። ሁለቱን ደንብ ደርቦ «ሞር ቢገር» ማለት ስሕተት ነው።

3ኛ. ጥቂት ቃላት ከደንቡ ውጭ ስለሆኑ በቃል መያዝ አለባቸው። ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት። ባድ፣ ወርስ፣ ወርስት።

ሁለቱ ነገሮች እኩል ከሆኑ ደግሞ ቅጽሉ ሳይለወጥ በሁለት «አዝ» መካከል ይገባል። «አዝ ቶል አዝ» ማለት «የዚያን ያህል ረጅም» ማለት ነው።

እናትና አባት ምን ያግዙ?

«እኔ እንግሊዝኛ አልተማርኩም፣ ምን ላግዘው?» የምትል እናት ብዙ ናት። እኛ ግን አንዲት የአማርኛ ቃል ትበቃታለች እንላለን። እርሷም «በምን?» የምትለው ናት።

«ይበልጣል» የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው። «ወንድሜ ከእኔ ይበልጣል» ሲባል በዕድሜ ይሁን በቁመት አይታወቅም። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ያስመርጣል፤ በዕድሜ ከሆነ «ኦልደር»፣ በቁመት ከሆነ «ቶለር» ነው። ስለዚህ ማታ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ሁለት ነገር አንሡና ልጁ ያወዳድር። «ይህ ከዚያ ይበልጣል» ካለ «በምን ልጄ?» በሉት። በክብደት፣ በዋጋ ወይም በርዝመት ብሎ ከመለሰ ትክክለኛውን የእንግሊዝኛ ቅጽል ለመምረጥ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ዛሬ ገብስና ጤፍ፣ ነገ በሽሎና አባይ ይሁኑ። ዓረፍተ ነገሩን ደብተሩ ላይ ይጻፍና በማግሥቱ ለመምህሩ ያሳይ።

በመጨረሻም ለወላጆች አንድ ነገር እንበል። አባይ የሚገባበት ናይል ከኮንጎ ወንዝ ይረዝማል፤ ኮንጎ ግን በጥልቀትም በውኃው ብዛትም ናይልን ይበልጣል። ታዲያ ማን ይበልጣል? በምን እንደሆነ ሳይነገር መልስ የለውም። በየቤታችን ግን «ከአንተ እሱ ይሻላል» እያልን አንዱን ልጅ በሌላው ፊት እናሳፍራለን። በምን እንደሚሻል አንናገርም፤ ያኛው የሚሻልበትንም አናነሣም። ልጁ ከእንግሊዝኛው የሚማረውን ጥያቄ እኛም ከመናገራችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ።