ፍላሽ፣ ስልክና ከርነል፦ ተረቱና እውነታው

ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ውስጥ ማመልከቻ ለማሳተም ፍላሽ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚሰጋው ቫይረስን ነው። ፍላሹን ስካን ያስደርጋል፤ ሲብስም ፎርማት። አንዳንዱ አደጋ ግን ያለው ፍላሹን በሚያነበው ከርነል ውስጥ ነው። ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። የትኛው ፋይል የት እንዳለና ማን ሊነካው እንደሚችል የሚቆጣጠረው እዚያ ያለው የፋይል ሲስተም ኮድ ነው።

ተረት 1፦ ፋይሉን እስካልከፈትኩት ድረስ ፍላሹ አይጎዳኝም።

እውነታ፦ ፍላሹ እንደተሰካ፣ ማንም ምንም ሳይከፍት፣ ከርነሉ ማንበብ ይጀምራል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ ፋይል ሲስተም ላይ የተገኙ ክፍተቶችን ደፍኗል። አንዱ፣ ተንኮል ያለበት ዩኤስቢ ለሚሰካ ሰው ከሜሞሪ ቁራጭ መረጃ የሚያሾልክ ነበር። ጥገናው ሳይወጣ በፊትም አጥቂዎች ይጠቀሙበት ነበር።

ተረት 2፦ ሊኑክስንና አንድሮይድን ማንም አይደፍራቸውም።

እውነታ፦ አንድሮይድ ራሱ የቆመው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ማክስ ኬለርማን የተባለ ፕሮግራመር የሎግ ፋይሎች ለምን እንደሚበላሹበት ሲከታተል «ደርቲ ፓይፕ» የተባለውን ክፍተት አገኘ። ከርነሉ ያነበበውን ፋይል ቅጂ ለፍጥነት ሲል ሜሞሪ ላይ ያቆያል። ከቀድሞ ሥራ ሳይጸዳ የቀረ ምልክት ግን ያ ቅጂ እንዲጻፍበት ይፈቅድ ነበር። በዚህ ቀዳዳ ተራ ተጠቃሚ፣ እንዲያነበው ብቻ የተፈቀደለትን ፋይል ለውጦ የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን ሊይዝ ይችላል። ፒክስል 6 እና ጋላክሲ ኤስ22 ከተጋለጡት ስልኮች መካከል ነበሩ።

ተረት 3፦ ፎርማት ካደረግኩት ይጸዳል።

እውነታ፦ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ፎርማት የሚያጠፋው ዲስኩ ላይ ያለውን ነው፤ ስህተቱ ያለው ግን ኮዱ ውስጥ ነው። ያንኑ አሮጌ ሲስተም መልሶ የጫነ ሰው ክፍተቱንም አብሮ ይጭናል። ኳሊስ የተባለው ኩባንያ በጁላይ 2021 ይፋ ያደረገው «ሴኮያ» የተሰኘ የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ክፍተት ከ2014 ጀምሮ ኮዱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የፎልደር አድራሻው ርዝመት ከ1 ጊጋባይት ሲያልፍ መጠኑን የሚይዘው ቁጥር ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል፤ ከርነሉም ከተመደበለት ቦታ ውጭ ይጽፋል።

ተረት 4፦ ከባዱ ክፍተቱን መጠገን ነው፤ ከተጠገነ ግን ነገሩ አለቀ።

እውነታ፦ ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሴኮያን የደፈነው ከልክ ያለፈ መጠን የማይቀበል አጭር ፍተሻ ነው። ለደርቲ ፓይፕም ያን ምልክት ዜሮ የሚያደርጉ ሁለት መስመሮች በቁ። ኬለርማን ክፍተቱን ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2022 አሳወቀ፤ በ23 የተጠገነ ከርነል ወጣ። ወደ አንድሮይድ ወርሃዊ የደህንነት አፕዴት የገባው ግን በሜይ ነው። ከዚያም በስልክ አምራቹ በኩል ማለፍ፣ በመጨረሻም ባለቤቱ እስኪጭነው መጠበቅ አለ። ጊዜ የሚፈጀው ይህ ነው።

ተረት 5፦ አፕዴት ዳታ ከመብላት በቀር ጥቅም የለውም።

እውነታ፦ የደህንነት አፕዴትና አዲስ ቨርዥን ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ በጣም ያነሰ ነው። መጠኑም ከመውረዱ በፊት ስለሚታይ ዋይፋይ እስኪገኝ ማቆየት ይቻላል። ስልክዎ መቼ እንደተጠገነ ለማወቅ ሴቲንግ ውስጥ የደህንነት አፕዴቱን ቀን ይመልከቱ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እንዳበቃም ያስታውሱ።

አፕዴት መቀበል ያቆመ ስልክ ያለው ሰውስ? ደርቲ ፓይፕን የመሰለ ክፍተት የሚሠራው መጀመሪያ አንድ ፕሮግራም ስልኩ ላይ ሲገባ ነው። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ፣ በዜንደር ወይም በቴሌግራም የተላከ አፕ አይጫን። ሌላ ስልክ ካለ ደግሞ ቴሌብርና የባንክ አፕ ወደዚያ ይዛወሩ፤ አሮጌው ለመደወያ ይበቃል።